ጋሽ ሰዓትና የአማቹ ጎመን

ፀጉር አስተካካዩ ጢም ለመላጨት ጎንበስ ሲል ከደረቱ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ደም የሚያሳልፈው የልቡ በር ተበላሽቶ በቀዶ ሕክምና የብረት በር ተገጥሞለታል፤ ደንበኞቹም ከዚያ ወዲህ እናቱ ያወጣችለትን ስም ትተው "ጋሽ ሰዓት" አሉት። አዲስ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ድምፁን ሰምቶ ሲደነግጥ፣ "አይዞህ፣ ፈንጂ አይደለም፤ ልቤ ነው" ይላል። ድሮ በዚህች ቀልድ ፀጉር ቤቱ በሙሉ ይስቅለት ነበር። ዘንድሮ የሚስቅለት የለም። ዘንድሮ ዓይን ሁሉ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነው።

በሁለተኛው ወንበር የሚሠራው የሚስቱ ወንድም ነው። እስከ አምና "በርሜል" ነበር የሚባለው፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ደንበኛው ጋ ይደርስ ነበር። ደረጃዋን ወጥቶ ሲገባ እንደ አሮጌ የጭነት መኪና ያለከልካል። አንድ ቀን ደረቱን ጨምድዶ ያዘው፤ ሐኪሞቹም የልብህ ደም ሥሮች በስብ ጠበዋል አሉት። ፈራ። ሥጋና ቅቤ ተወ፤ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ፍራፍሬ ያዘ፤ ኪኒኑንም ሳያጓድል ዋጠ። ሆዱ ሟሸሸ፣ ፊቱ ጠራ፣ ደረጃዋን እያፏጨ ይወጣ ጀመር። ሐኪሙም ተደስቶ የአንዱን ኪኒን መጠን ቀነሰለት።

ሰው ዳነ ማለት ደግ ወሬ ነው። ለጋሽ ሰዓት ግን መርዶ ነበር። እስከ ዛሬ በቤተሰቡ ውስጥ የልብ በሽተኛው እሱ ነዋ! ሬዲዮ የሚቀነሰው ለእሱ፣ "ጋሼን አታስቆጡት" የሚባለው ለእሱ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ለስላሳ ወንበር የእሱ። አማቹ መጣና በሽታውን ቀማው። መቀማቱ ሳያንስ ዳነበት!

"አንተ በርሜል፣ ሆድህን የት ጥለኸው ነው?" አለ አንድ ቀን የታክሲ ሹፌሩ፣ የጋሽ ሰዓት የድሮ ደንበኛ። ከዚያ ዞር ብሎ የጋሽ ሰዓትን ሆድ በዓይኑ መዘነና፣ "ለካ አደራ አስቀምጠኸው ነው!" አለ።

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አማቹም ሳቀ። ጋሽ ሰዓት የሹፌሩን ጆሮ አጎንብሶ ይዞ ስለነበር፣ ምላጩን የያዘች እጁ ምን እንዳሰበች እሱና ፈጣሪው ብቻ ያውቃሉ።

ቤት ሲገባ ሌላ እሳት። ሚስቱ ድስት ውስጥ ሽንኩርት እያማሰለች፣ "ወንድሜ እንዴት እንዳማረበት አየኸው?" አለች።

"ዓይን የለኝም እንዴ?"

"አንተም እንደሱ ሥጋና ቅቤውን ቀነስ ብታደርግ ምን ነበረበት።"

"የእኔ ብረት ነው፤ ብረት ጎመን አይበላም።"

"ኧረ ተወው፣ አንተ ስትናደድ ብቻ ነው የምትቀልደው" ብላ ድስቷን ከደነች።

ያን ሌሊት ሲገላበጥ አደረ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ የሰው ጎመን ግን እንዴት ያንገበግባል! በማግስቱ እልህ ያዘው፤ ግን ተደብቆ። ካወቀበትማ አማቹ "እኔ ነኝ ያስተማርኩት" ብሎ በየደጃፉ ሊያወራ ነው። ጋሽ ሰዓት የሚፈልገው አንድ ቀን ድንገት ቀጥኖ፣ ኪኒኑ ከአማቹ ኪኒን በታች ወርዶ፣ አገሩ በሙሉ አፉን ይዞ ሲቀር ማየት ነው። ስለዚህ በማለዳ ሱቁን ይከፍትና የመላጫ ውኃ በሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ጎመንና ቆስጣ አጭቆ ይቀቅላል። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያየ፣ እጁን እያቃጠለው ይጎርሰዋል። ምሳ ሰዓትም ይደግመዋል፤ ሲመሽም ይሠልሰዋል። ድሮ በሳምንት አንዴ ቅጠል ከቀመሰ ብዙ ነበር።

"ጋሼ፣ ዛሬ ውኃው ጎመን ጎመን አይልም?" አለ አማቹ ፎጣውን እያሸተተ።

"አፍንጫህ ነው። ከላይ እስከ ታች ጎመን የሆነ ሰው ሌላ ምን ሊሸተው ነው?"

ሹፌሩ ትኩሱ ፎጣ ፊቱ ላይ እንዳለ ከሥሩ ሆኖ፣ "እኔንም ሸቶኛል፤ ጨው ብቻ ነው የጎደለው" አለ።

የብረት በር የተገጠመለት ሰው ደሙ ብረቱ ላይ እንዳይረጋ የደም ማቅጠኛ ኪኒን ይወስዳል። አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ነገር አለ። ኪኒኑ ወዲህ ሲጎትት ቅጠሉ ወዲያ ይጎትታል። ሐኪሞቹ አትብላ አላሉትም፤ ከቀን ቀን እኩል ብላ፣ ከቀየርክ ንገረን፣ የደም ምርመራህን አታስተጓጉል ነው ያሉት። ነግረውታል! አልነገሩትም ተብሎ እንዳይታዘንለት። ሲነግሩት ግን ጃኬቱን እየለበሰ ነበር። ሞኝ ሰው ምክር የሚሰማው ጎረቤት ሲነግረው ነው፤ ባለሙያ ሲነግረውማ "መኪና አመለጠኝ" ብሎ ይሮጣል። አንዱ የዳነበትን ሌላው ሳይጠይቅ አፉ ውስጥ ይከታል፤ የሁለቱም በሽታ "ልብ" ስለተባለ አንድ ይመስለዋል።

ምርመራውንም አስተጓጎለ። ለምን? ቀጠሮው ከአማቹ ቀጠሮ ጋር አንድ ቀን ስለዋለ። አግዳሚው ወንበር ላይ አጠገቡ ተቀምጦ ነርሷ "እንዴት አምሮብሃል!" ስትለው ከሚሰማ፣ ቢቀርበት መረጠ።

ከዚያ ጣቱን ቆረጠው። ለፀጉር አስተካካይ ይህ ወግ ነው፤ ለእሱ ግን ድሮ መከራ ነበር፤ በትንሽ ጭረት ጥጥ ይጨርሳል፣ ደንበኛ ያስጠብቃል። አሁን ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ቢያወጣው ደሙ ቆሟል። ማመን አቃተው። ጨመቀው፤ ጠብ የለም።

"ና እዚህ!" አለ አማቹን፣ ምስጢሩ በደስታ አምልጦት። "ያንተ ሆድ ነው የቀነሰው። የእኔ ደም ነው የተለወጠው! እይ፣ እንደ ጎረምሳ ደም ቀጥ ብሎ ቆመ!"

አማቹ ጣቱን ይዞ አየና አልሳቀም። "ጋሼ፣ አንተ የደም ማቅጠኛ ትወስድ የለ? እንዲህ ቶሎ መቆሙ ደግ ነው?"

"ቀናህ!" አለው ጋሽ ሰዓት።

"ኧረ ጋሼ፣ በሞትኩት፣ ሄደህ ተመርመር።"

"ቀናህ፣ ቀናህ! ፊትህ ላይ ያስታውቃል!" ብሎ እያፏጨ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ከወራት ወዲህ ደስ ብሎት የዋለው ያን ቀን ነበር።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በዚያው ሳምንት የሹፌሩን ግራ ጉንጭ ጨርሶ ወደ ቀኙ ሲዞር ምላጩ ከእጁ ወድቆ ሹፌሩ ጭን ላይ ባለው ጨርቅ ላይ አረፈ። ሊያነሳው ፈለገ፤ እጁ የሰው እጅ ሆነበት። "ይቅርታ" ሊል ሲከፍተው አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ የወጣው ቃል ቃል አልነበረም።

አማቹ በአንድ ዝላይ ደርሶ በብብቱ ሥር ያዘው። "መኪናህን አስነሳ!" ብሎ በሹፌሩ ላይ ጮኸ። ሹፌሩም ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ግማሽ ጢሙ በአረፋ እንደተሸፈነ፣ ጥሩምባ እያስጮኸ ሆስፒታል አደረሳቸው።

አልጋ ላይ ሲጋደም እጁም አንደበቱም ተመልሶለት ነበር። ዶክተሯ ራሱን በመሣሪያ ፎቶ አስነስታ፣ ደሙን አስመርምራ መጣች። አማቹ ከራስጌው ቆሟል፤ ጭራሽ አይሄድም።

"ደምዎ ከሚገባው በላይ ቶሎ ይረጋል" አለች። "ትንሽ የረጋ ደም ከልብዎ ተነሥቶ ወደ አንጎል ሄዶ ሳይሆን አይቀርም፤ በራሱ ሟሟ። ሁልጊዜ አይሟሟም። ኪኒን አቋርጠዋል?"

"አላቋረጥኩም።"

"ምግብስ? የቀየሩት ነገር አለ?"

ጋሽ ሰዓት ጣሪያውን አየ። "ምንም።"

"እንግዲያው የኪኒኑን መጠን ከፍ አደርገዋለሁ" አለች። "ግን ምክንያቱ እርስዎ ያልነገሩኝ ምግብ ከሆነና ነገ እሱን ቢተዉት፣ መጠኑ ይበዛብዎትና ያደማዎታል። አንጎል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንደገና እጠይቅዎታለሁ።"

አማቹ ማንቆርቆሪያውን ያውቃል፤ ፎጣውንም ያውቃል። አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ግን የጋሼን ክብር እንደ እንቁላል ይዞ ቆመ። ጋሽ ሰዓትን ያቃጠለውም ይኸው ነው፤ ሰውዬው ቀጥኖ ሳይበቃው ደግ ሆኖ ሊያሸንፈው! መናገር ውርደት ነው፤ አለመናገር ሞት። ሁለቱን አፉ ውስጥ አላመጠና፣

"ጎመን" አለ።

"ምን አሉ?"

"ጎመን በላሁ። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። በማንቆርቆሪያ እየቀቀልኩ።"

"ማን ነገረዎት?"

"ማንም።" በአገጩ ወደ ራስጌው ጠቆመ። "ይሄ ደም ሥሩ ጠቦ ስለበላ ነው። ይሄ አማረበት። ሚስቴ እሱን ታየዋለች፣ ደንበኛው እሱን ያየዋል። ቀናሁ። በቃ፣ ቀናሁ!"

ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ጎመኑ አልበደለዎትም" አለች። "ለብዙ የልብ ሕመምተኛ ቅጠሉም፣ ጥራጥሬውም፣ ፍራፍሬውም ይጠቅማል፤ ከኪኒኑ ጋር እንጂ በኪኒኑ ፋንታ አይደለም። እርስዎንም ይጠቅማል። የእርስዎ በር ግን እንደ እሳቸው የጠበበ ደም ሥር አይደለም፤ ልኩ ሌላ ነው። ለክተው በየቀኑ እኩል ይበሉ፤ እኔ ኪኒኑን ከዚያ ጋር አስማማለሁ። ምርመራ ላይ ቢቀሩ ግን አልታረቅዎትም።"

ሚስቱ ይኼኔ በሩን በርግዳ ገባች። እንባዋ ፊቷን አጥቦታል። በወንድሟ አጠገብ ሳታየው አለፈችና የባሏን ራስ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። ያቺ ቅጽበት ለጋሽ ሰዓት ጣፈጠችው። ሊሞት የነበረ ሰው! አሁንም በትከሻዋ ላይ አሻግሮ፣ አማቹ ብቻውን መቆሙን አየና ደስ አለው። ደስ እንዳለው አወቀና ራሱን ጠላ፤ ደስታው ግን አልሄደም። ቅናት እንዲህ ነው፤ ሰውዬው ሊሞት ሲል እንኳ ቦታ አይለቅም።

"ማን ይለካለታል?" ብላ ጠየቀች ሚስቱ ሁሉን ከሰማች በኋላ። "እሱማ ከታመነ ጉድ ነው።"

"እኔ እለካለሁ" አለ አማቹ። "ምሳችንን ሱቅ ውስጥ አብረን እንብላ።"

ጋሽ ሰዓት ጥርሱን ነከሰ። "ይለካልኝ" አለ። "ከሱ ድርሻ ግን እንዳያንስብኝ።"

"ያንሳል" አለች ዶክተሯ ሳትስቅ። "ከእሳቸው ድርሻ በጣም ያንሳል።"

ሦስቱም አዩት። ሚስቱ እጁን ጨበጠችው። ጋሽ ሰዓት አማቹን ከእግር እስከ ራሱ፣ ያን የጠፋ ሆዱን፣ ያን የጠራ ፊቱን አየና ወደ ግድግዳው ዞረ።

"እሺ" አለ፤ ቃሏ ግን ከሆዱ ሳይሆን ከጥርሱ ነው የወጣችው።