የእማማ ጠጅቱ ዓይንና የፍልሰታ ጠብታ

ዛሬ ጠዋት ሲስተር ዘውዴ የስልኩን እጀታ ሳታስቀምጥ ጮኸች፦ «ዕጢው ሟሽሿል! የእማማ ጠጅቱ ዓይን ተርፏል!» እኔም መጥረጊያዬን ጥዬ ዘለልኩ። ደስታዬ ሳይበርድ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ፍኖተ ሰላም ባለችው ትንሽ የዓይን ክሊኒካችን ሥራ የጀመርኩት አምና ክረምት፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ነው። የዓይን ነርሷ ሲስተር ዘውዴ አክስቴ ናት። የመጀመሪያ ቀን እጄን በሳሙና አስታጠበችኝና፣ «እዚህ አክስትሽ አይደለሁም፤ ሲስተር በይኝ» አለችኝ። ሥራዬ ወረፋ መጥራትና ታካሚዎችን እየደገፍኩ ወደ ምርመራ ክፍል ማስገባት ነበር።

በዚያው ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም እማማ ጠጅቱ ከገበዝ ማርያም መጡ። ገበሬ ናቸው። «ግራ ዓይኔን እንደ ጥላ ያለ ነገር ይጋርደኛል» አሉ። ለዕለቱ ከባሕር ዳር የመጣው ዶክተር ውስጡን እንዲያይ ብሌናቸው በጠብታ መስፋት ነበረበት።

ሲስተር አንድ ጊዜ ጠብ አደረገችላቸው። ትንሽ ቆይተው ፊታቸውን አጨማደዱና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉት። ልትደግም ስትል ጭፍን!

«ምነው እማማ?» አልኳቸው።

«ጉሮሮዬን መረረኝ እኮ ልጄ! ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነ። በዓይኔ አጉርሳችሁ ጾሜን ልታስገድፉኝ ነው?»

ወረፋ የሚጠብቅ አንድ የቡሬ ነጋዴ ሳቀ። «ሥጋ ቤት ደጃፍ ሲያልፉ ያዩበት ዓይን አይደል? ያኔስ አልገደፉም?»

«አንተ ደግሞ ምላስህን አስጹመው!» አሉት።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳንጠብቅ፣ ዶክተሩ ቀደም ብሎ ወደ ባሕር ዳር ሊመለስ ነው። ሲስተር ጠራችኝ፦ «በአፍንጫ በኩል፣ ዓይን ጥግ ላይ፣ ወደ ጉሮሮ የምትወርድ ቀጭን ቦይ አለች። ጠብታው እንዳይወርድ በጣትሽ ጫን አድርገሽ ያዥላቸው።»

እኔም፣ «እማማ፣ ወደ ጉሮሮዎ የሚያስወርደውን በር እኔ እጠብቃለሁ። ከመረረዎት ይቆንጥጡኝ» አልኳቸው። እውነትም ክንዴን በሁለት ጣታቸው ያዙ። ጠብታው ገባ። እጄ እስኪዝል አልለቀቅኩም። አልቆነጠጡኝም!

«ኧረ አልመረረኝም! አንቺ በረኛ!» አሉ።

ብሌናቸው ሰፋ። ዶክተሩ በመብራት ደጋግሞ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገራቸው፦ በዓይናቸው ውስጥ፣ በስተኋላ በኩል፣ ሜላኖማ የሚባል ጥቁር ዕጢ አለ፤ ካንሰር ነው፤ ግን ገና ትንሽ ነው።

«ዓይኔን ልታወጡት ነው?» አሉ ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው።

«የለም እማማ። አዲስ አበባ ይሂዱ። በብሌንዎ በኩል የጨረር ሙቀት ዕጢው ላይ ያሳርፉበታል። ሙቀቱ ቀስ በቀስ ያከስመዋል፤ ዓይንዎ ከቦታው አይነሳም። ቢያድግ ኖሮ ይህን አልልዎትም ነበር።»

«እዚያስ ጠብታ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያ ይቺን በረኛ ስጡኝ!»

እኔ አልሄድኩም፤ ልጃቸው ወሰዳቸው። ሕክምናው ተደጋገመ። ዛሬ ከቡሬ፣ ከልጃቸው ቤት የደወሉት፣ ከዕጢው ጠባሳ ብቻ መቅረቱን ሊነግሩን ነው። ክትትሉ ይቀጥላል። «በረኛዋን አገናኙኝ» ብለው እኔንም አነጋገሩኝ!

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው፦ ታካሚ እምቢ ሲል፣ መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ይጠየቃል።

እማማ አንድ አደራ ሰጥተውኛል፦ «ጥላ የሚጋርደውን ሁሉ ጥሪልኝ፤ ጾመኛውንም።» እናም ጠራኋችሁ። ሳትዘገዩ ኑ። ብትጾሙም ኑ፤ በሩን እኔ እይዛለሁ።