በድልድዩ ላይ የቀናሁበት ሰው

ባለፈው ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን አሌክሳንድሪያ ሰርግ ስንሄድ፣ መኪናው የፖቶማክ ወንዝ ድልድይ ላይ እንደወጣ ባለቤቴ ሰናይት የቀኝ እጇን አውራ ጣት በጠቋሚ ጣቷ አንጓ ላይ ጫን አደረገች። የምነዳው እኔ ነበርኩ። ከኋላ የተቀመጠችው ልጃችን ማርታ አየቻትና «ማሚ፣ ዋት ኢዝ ዛት?» አለች። ሰናይት ሳቅ ብላ አለፈችው። እኔ ግን ስንት ዓመት የተኛው ቅናቴ ነቅቶ ብድግ ሲል ተሰማኝ። ያቺ ጣት የማን ተማሪ እንደሆነች አውቃለኋ!

ከመጋባታችን በፊት ሰናይት ከአክስቷ ከእትዬ በላይነሽ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረች፣ አሌክሳንድሪያ በሚገኝ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች። መንጃ ፈቃድም አላት፣ ትንሽ መኪናም አለቻት፤ የፖቶማክ ድልድይ ግን አይሆንላትም። አንዴ ሞክራ፣ መሃል ላይ እጇ መሪው ላይ ደርቆ፣ መኪናዋን ሌላ ሰው ነው ነድቶ ያወጣላት። ከዚያ ወዲህ የማደርሳት እኔ ሆንኩ። የምሠራው አርሊንግተን ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አርሊንግተን ለመሄድ በአሌክሳንድሪያ መዞር እንደማያስፈልግ ይገባዋል። እኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ «መንገዴ ነው» እል ነበር። አገር ቤት ቢሆን በደጇ እመላለስ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ራይድ እሰጣለሁ።

ጠዋት ጠዋት እትዬ በላይነሽ ቋንጣ ፍርፍር በፎይል ጠቅልለው ይልኩልኛል። ቅጠሉ ቀልቶ በሚረግፍበት በዚያ ወራት መስኮት ዘግተን ስለምንሄድ፣ ቀይዋ ኮሮላዬ እስከ ማታ በርበሬ በርበሬ ስትሸት ትውላለች። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሰናይት ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እኔም ፍርሃቷን እንድትረሳው እዘፍንላታለሁ። ድምፅ እንኳ የለኝም። እንደምወዳት ገና አልነገርኳትም ነበር፤ የኮሮላዋ ምልልስ ይነግርልኛል ብዬ ነው።

አንድ ሰኞ ፊቷ በርቶ ገባች። ቅዳሜና እሁድ ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ አንድ ታዋቂ አነቃቂ ተናጋሪ ሲያስተምር ኖሮ፣ ሠራተኞቹም ከኋላ ቆመው እንዲሰሙ ተፈቅዶላቸዋል። የትምህርቱ ስም ራሱ ድልድዩን ያህላል፤ ኒውሮ ሊንጉስቲክ ፕሮግራሚንግ። እሷ እንዳስረዳችኝ፣ ፍርሃት የለመደን አእምሮ በቃልና በምናብ ሌላ ነገር ማስለመድ ነው። ልብህ ያረፈበትን አንድ ጊዜ ቁልጭ አድርገህ ታስባለህ፤ ትዝታው ሞቅ ሲል ጣትህን ትጫናለህ። ደጋግመህ ካለማመድከው፣ ኋላ ጣትህን ስትጫን ያ እረፍት ራሱ ይመጣልሃል።

«መድረክ ላይ ጠርቶኝ፣ እጄን ይዞ ራሱ አሳየኝ እኮ!» አለች።

እጇን! እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ እጇ እጄን የነካው ፎይሉን ስትሰጠኝ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋቴን ሰውየው ወረሰው። ሲዲውን ገዝታ መጣችና፣ በገዛ መኪናዬ፣ በገዛ ቤንዚኔ፣ ያ ቅቤ የጠጣ ድምፁ ስለ ለውጥ ሲሰብክ እሰማ ጀመር። ዘፈኔም ቀረ። እሷ ጣቷን እየተጫነች መጀመሪያ አንድ ዓይኗን፣ ቀስ በቀስ ሁለቱንም ድልድዩ ላይ ገለጠች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ፈጽማ የዳነች ቀን እኔ ምን እሠራላታለሁ? እኔ ወራት ሙሉ ተመላልሼ ያላገኘሁትን እሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወሰደው።

አንድ ቀን ሲዲውን ረስታው ወረደች። ጠላቴን ልወቀው ብዬ ብቻዬን አዳመጥኩት። አንዱ ትምህርት የሰውን ልብ ስለማግኘት ነበር። ፊት ለፊትህ የተቀመጠውን ሰው አቀማመጥ፣ አተነፋፈስ፣ የድምፅ አወጣጥ ምሰል፤ ሳያውቀው ይቀርብሃል ይላል። በራሱ መሣሪያ ልቅደመው አልኩ። መጀመሪያ የእትዬን ልብ ላግኝ፣ ከዚያ ሰናይትን እንደምፈልጋት ልንገራቸው። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይባል የለ።

እሁድ ጠዋት ሰናይትን ሥራዋ አድርሼ፣ ሳልደውል እትዬ ቤት ሄድኩ። ደሴ ያሉት ወንድማቸው ታመው ስለሰነበቱ፣ እትዬ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ተክዘው ነበር። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና እጄን ጉንጬ ላይ አደረግኩ። ሲተነፍሱ ተነፈስኩ።

«ምነው ልጄ፣ በጠዋት? በደህና ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ለአንድ ጉዳይ ነው እትዬ» አልኩ፣ እኔም ዝቅ አድርጌ።

ዝም አሉ፤ ዝም አልኩ። ደረታቸውን ያዙ፤ ደረቴን ያዝኩ።

«ወንድሜ ነው አይደል?» አሉና «ወይኔ ወንድሜን!» ብለው ጩኸታቸውን አቀለጡት።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው በማለዳ፣ ሳይጠራ ይመጣል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል። ይህን ሰውየው ከየት ያውቀዋል? እኔስ ልቤ የት ሄዶ ነበር? «ኧረ እትዬ፣ ማንም አልሞተም!» ብል ማን ይስማኝ። ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤቶች እያለቀሱ ገቡ፤ አንደኛዋ ለሰናይት ደወለችላት። ደሴ ተደውሎ ወንድምየው ራሳቸው «አለሁ፣ ምን ሆናችኋል?» እስኪሉ ድረስ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ላቤን እጠርግ ነበር።

ለቅሶው ገና ጋብ ሲል በሩ ተከፈተ። ሰናይት ናት፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም» አልኳት። «በምን መጣሽ?»

«የጓደኛዬን መኪና ድራይቭ አድርጌ...» አለችና አፏን ያዘች። «ብሪጁን ለብቻዬ ተሻገርኩት!»

አውራ ጣቷ አንጓዋን እንደተጫነ ነበር። እትዬ እንባቸውን ሳይጠርጉ እልል አሉ፤ ጎረቤቶቹም ተከተሉ። ለለቅሶ የመጣው ሁሉ ሲስማት እኔ በሩ ጋ ቆሜ ያንን ሰውዬ እረግም ነበር።

ሰኞ ጠዋት እንደማትፈልገኝ እያወቅኩ እግሬ ወስዶኝ በሰዓቴ ደጇ ደረስኩ። በአንድ እጇ የራሷን መኪና ቁልፍ፣ በሌላው ፎይሉን ይዛ ወጣች። «ዛሬ እኔ ነኝ የማደርስህ» አለች።

«አርሊንግተን? ይርቅብሻል እኮ!»

«ግባ» አለችኝ፣ «መንገዴ ነው።»

እንዲህ ሆነን ተጋባን። ቢሆንም ያ ሰውዬ ከመካከላችን አልወጣም። ጣቷን ስትጫን ማንን እንደምታስብ ጠይቄያት አላውቅም፤ አዳራሹን፣ የያዛትን እጅ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ባለፈው ቅዳሜ ድልድዩ ላይ ግን ማርታ አልለቅም አለች።

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ስትጫኚው ምንድነው ቲንክ የምታደርጊው?»

«አባትሽን» አለች ሰናይት፣ ወንዙን እያየች። «ቀይ ኮሮላ ነበረችው። ቋንጣው ይሸታል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ እሱ ዜማው የጠፋበትን ዘፈን ይዘፍናል። ምንም አልሆንም ያልኩት እዚያ ነው።»

«ዳዲ ይዘፍን ነበር?» አለች ማርታ፣ ጨርሶ ሳታምን።

ሰውየውን እዚያው ይቅር አልኩት። ቅናቴ ግን ይተወኛል ስል ቦታ ብቻ ለወጠ። እኔ አጠገቧ መሪ ይዤ ተቀምጬ፣ ሚስቴ ልቧ እንዲያርፍ የምትሄደው ወደዚያ የኮሮላው ጎረምሳ ነው። እሱ ይዘፍንላት ነበር፤ እኔ ያ ሲዲ ከመጣ ወዲህ አንድ ቀን ዘፍኜላት አላውቅም።

ድልድዩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጉሮሮዬን ጠረግሁ።