ሁለት የግራ እጅጌ

ልብስ ሰፊው በሠላሳ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቶ አያውቅም። ኮት ሲቆርጥ የእጅጌውን ልክ የያዘውን ወረቀት ለሁለተኛው መገልበጥ ረስቶ፣ ሁለቱንም እጅጌ ለግራ እጅ አወጣው። ከጎኑ ተቀምጦ ቁልፍ የሚተክለው ባልደረባው ጨርቁን አንስቶ አየና፣ "ባለ ኮቱን ቀኝ እጅህን ቤት ትተህ ና ልበለው?" አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብረው በሳቁ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን መቀሱን አስቀምጦ ወደ ግድግዳው ዞረ። ባልደረባውም ቀልዱ አፉ ላይ ደረቀና፣ ልጅህ ጋ ሂድ፣ ይሄን እኔ እወጣዋለሁ አለው።

ልጁን መኪና ከገጫት አርባ ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ሆስፒታል ተኝታ ትተነፍሳለች፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለም። እናቷ ጡት ሳታስጥላት ስለሞተች፣ በስፌት መኪናው ሥር እየዳኸች፣ ብጥስጣሽ ጨርቅ እየለቀመች እሱው ጋ ነው ያደገችው። ሐኪሙ ትናንት ለብቻው ጠርቶ፣ እኛ የምንችለው እዚህ ድረስ ነው፣ ቤትህ ወስደህ አስታማት ብሎታል። ልጁን ለማስወጣት የቀረው የአባትየው ፊርማ ብቻ ነበር። ለምን ቤት ውሰዳት እንደሚባል ልብስ ሰፊው አልጠፋውም።

መጸለይ ካቆመ ሰንብቷል። ልጁን ማናገርም እንደዚያው፤ መልስ ለማይሰጥ ሰው ማውራት ያሳፍረው ጀምሮ ነበር። በጠያቂ ሰዓት ይመጣል፣ እግሯን ይሸፍናል፣ ይሄዳል።

ያን ቀን ሊፈርም መጣ። ሰዓቱ ገና ስለነበር ኮሪደሩ ጭር ብሏል። የክፍሏ በር ገርበብ እንዳለ ከውስጥ የሴት ድምፅ ሰማ። የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትወለውላለች።

"አልጋሽን ብነቀንቀው እንዳትቀየሚኝ፣ እሙዬ። ዛሬ ፀሐይዋ ደህና ናት። አባትሽ ደግሞ ኋላ ይመጣል፣ ያንኑ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ለብሶ። ልብስ ሰፊ ተብሎ! እኔ አፍሬ ነው፤ ስትነሺ አንቺ ንገሪው።"

አርባ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ልጁ እንደምትነሣ አድርጎ ያወራ ሰው አልሰማም ነበር። በሩን ገፋ አደረገው። ሴትዮዋ ዞር ብላ ስታየው ደነገጠች።

"አናግሪያት ያለሽ ሐኪሙ ነው?" አላት።

"ማን ያዘኛል ጋሼ? ሰው ያለበት ቤት ገብቼ ዝም ብዬ ልውጣ እንዴ?"

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እንደምታጫውታት የነገረችው ያኔ ነው። እሷ ግን ስለ ሹራቡ ይቅርታ ጠይቃ ባልዲዋን አነሣች። ወዲያው ከሚቀጥለው ክፍል፣ "እንዴት አደሩ አባባ?" ስትል ተሰማ። የመለሰላት የለም። እሷም መልስ አልጠበቀችም፤ ወሬዋን ቀጠለች።

ልብስ ሰፊው ወንበሩን ሳበ። "ልጄ፣ ዛሬ ጉድ ሠራሁ" አለና የሁለቱን ግራ እጅጌ ነገር ነገራት። ባልደረባው ያለውንም ሳይቀር። ሽፋሽፍቷ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ግንባሩን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። "ፈጣሪዬ" አለ፤ ከዚያ በላይ አልመጣለትም።

ቀና ሲል ሹራቡን አወለቀ፤ ከሸሚዙ ኮሌታ ሥር የማትጠፋውን መርፌ ከነክሯ ነቅሎ ክርኑን ይጠቅም ጀመር። ነርሷ የሚፈርምበትን ወረቀት ይዛ ስትገባ ክሩን በጥርሱ ነክሶ ነበር። ወረቀቱን ሳይፈርም በእጁ መለሰላት።