ሰው የማይሞትበት ወር

ቢቸና ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ያለ ፋንታ ጥሩምባ አልተቀበረም። እሱ ማለዳ ተነሥቶ የሟቹን ስም እየጠራ ካልነፋ፣ እድርተኛው ነጠላውን አያዘቀዝቅም፤ ድንኳንም አይተከልም። እንግዲህ ይህን ሰው ሐኪሙ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ግፊትዎ ጣራ ነክቷል። ወይ ተራራ ላይ ወጥተው ጥቂት ሳምንት ይረፉ፣ ወይ ለራስዎ የሚነፋልዎት ሰው ይፈልጉ።»

ፋንታ ደነገጠ። ሞቱን ፈርቶ እንዳይመስላችሁ። እሱ በሌለበት ሰው ቢሞትስ? ያለ ጥሩምባ የሄደ ሰው እንደ ውሻ ተጣለ ብሎ የሚያምን ግትር ነው።

ከሞጣ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ሂዳያ የምትባል የነጋዴ ልጅ የጤና ማረፊያ ከፍታለች። ሙቅ ውኃ አለ፣ ማር አለ፣ የገብስ አጥሚት አለ። ደወለላት።

«የትኛው ወቅት ይሻላል ልጄ?»

«መስከረም ነው ጋሼ። ተራራው በአበባ ይሸፈናል።»

«ስለ አበባ መች ጠየቅሁሽ? ሰው የማይሞተው መቼ ነው?»

ሂዳያ ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው።

ፋንታም የእድሩን የሟቾች መዝገብ አወጣ። ሐምሌ ሽማግሌውን በሳል ይጠርጋል። ታኅሣሥ ውርጭ አለ። ጥርማ አይነሣ፤ ሠርግ በልቶ የሚሞተው ብዛቱ! ገልብጦ ገልብጦ ግንቦት ላይ ሲደርስ ባዶ ሆነበት። በሃያ ሰባት ዓመት አንድ ሰው እንኳ በግንቦት አልሞተም።

«ምን ነክቷቸው ነው?» አላት ሚስቱን ይርጋነሽን።

«ማሳው ይጠብቃቸዋላ! ለመሞት ማን ጊዜ አለው?» አለችው ልብሱን እያጠፈች።

ሂዳያ ግንቦት ነጎድጓድ ነው፣ እንግዳም የለኝም ብትለው አልሰማም። ጥሩምባውን ሌላ ሰው እንዳይነካበት በጋቢ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ሞጣ ገባ።

እውነትም ተስማማው። በላ፣ ተኛ፣ ግፊቱ ወረደ። ከቢቸናም የሞት ወሬ አልመጣም። ሦስት ሳምንት ሲሞላው ለእድሩ ዳኛ ለሀብተ ሥላሴ ደውሎ ልመጣ ነው አለው።

«ምን አስቸኮለህ? ጤናህ ይቅደም እንጂ» አለው ሀብተ ሥላሴ።

ሰኔ ገባ፤ ሐምሌም ገባ። በደወለ ቁጥር ጤናህ ይቅደም ነው። እድሩ ቅቤ ላከለት፣ ቆሎ ላከለት፣ አዲስ ብርድ ልብስ ላከለት። የዋሁ ፋንታ ምን ያህል ቢወዱኝ ነው እያለ ለሂዳያ ያወራል።

አንድ ቀን ይርጋነሽ ዝናብ እየመታት ዳገቱን ወጣች።

«እድርተኞቹ ጥሩምባው ከተማው ውስጥ እስከሌለ ድረስ ሰው አይሞትም ብለዋል» አለችው። «ከሄድክ ወዲህ ማንም አልሞተም። እንዳትመለስ እድሩ ተሰብስቦ ወስኗል። አባ ወልደ ሰንበት እንኳ፣ የዘጠና አራት ዓመት ሰው፣ ከፋሲካ ጀምሮ ያጣጥራሉ፤ ወይ አይድኑ፣ ወይ አይሄዱ። እኔ ግን ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ። ባል አለኝ ወይስ የለኝም?»

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ! ፋንታ ከፋው። በዚያ ዕድሜው አለቀሰ። ከዚያ ጥሩምባውን ጠቅልሎ ከሚስቱ ጋር ወረደ።

ቢቸና መናኸሪያ ላይ የተጠቀለለውን ያየ ሁሉ ተበተነ። ባለሱቁ በሩን ዘጋ። ሀብተ ሥላሴ ከሩቅ አይቶት በጓሮ መንገድ ታጠፈ። እናት አባታቸውን የቀበረላቸው ሰዎች ደህና ገባህ ወይ ሳይሉት ቀሩ። አንድ ሰው ብቻ ናልኝ ብለው ላኩበት፤ አባ ወልደ ሰንበት።

ከተኙበት ሳይነሡ እጁን ያዙት።

«እንኳን መጣህ ልጄ። ደክሞኝ ነበር።»

ፋንታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አባቴ፣ መንገዱ እኔንም አድክሞኛል። እስከ ማክሰኞ ይታገሡኛል?»

«እስከ ማክሰኞማ እታገሣለሁ።»

ማክሰኞ ማለዳ ፋንታ ስማቸውን እየጠራ ነፋ። የሸሹት ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ።