በሳፋ የገባንበት የጃፓን ሆቴል

ብታምኑም ባታምኑም፣ በኮሮና ሎክዳውን ጊዜ፣ ደቡብ አፍሪካ ካለው የቴምቢሳ ሱቃችን ጓዳ ሳንወጣ ጃፓን ሄደን ነበር። እዚያ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ የፍልውኃ ሆቴል በኢንተርኔት እንግዳ ይቀበላል። እኔና የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ማርቆስ፣ እንደታዘዝነው አንድ ሳፋ ሙቅ ውኃ ውስጥ አራት እግር ነክረን ስልኩ ፊት ተቀመጥን። ጋሼ የባሕር ነው ብለው ጨው ጨመሩበት።

የሆቴሉ አስጎብኚ በስልኩ ቀድሞ ነግሮናል፤ እጅ ሲነሳሱ እንግዳው ቀና ሳይል የሆቴሉ ባለቤት ቀና አትልም።

ሴትዮዋ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ዓሣ በአበባ ካጌጡ ትንንሽ ሳህኖች ጋር ደረደረችና፣ ተንበርክካ እጅ ነሳችን።

ጋሽ ማርቆስ «ማዕድ ሳይባረክ አይነካም» ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው አጎነበሱ።

«ጋሼ፣ ምግቡ እኮ ያለው ጃፓን ነው!»

«እግዚአብሔርስ የት ያለ መሰለህ?»

ስለ ዓሣው ጸለዩ፣ ስለ አጥማጁ፣ ስለ ኮሮና፣ ስለ መላው ቴምቢሳ። በአንድ ዓይኔ ሳይ ሴትዮዋ ግንባሯን ከምንጣፉ አላነሳችም። የዓሣው እንፋሎት ጠፍቷል፤ የእኛም ሳፋ ቀዝቅዟል። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነከስኩ።

በመጨረሻ «አሜን» አሉ። እፎይ!

ጋሼ ግን ጎንበስ እንዳሉ ስልኩን አየት አደረጉና «ውይ፣ እሷ ገና አልጨረሰችም!» ብለው እንደገና ጀመሩ።