ሐድራ ላይ የሚጠፋው ማጉያ

ሙህዲን ከሚሴ ከተማ ያለችውን የጥገና ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ የቴስተሩን ሁለት ገመዶች የድምፅ ማጉያው ባትሪ ላይ ማሳረፍ ነው። አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ቮልት። ትናንትም ይኸው ነበር፤ የዛሬ ሳምንትም። ባትሪው ሙሉ ነው፤ ማጉያው ግን ይጠፋል።

ማጉያውን የሠራው ራሱ ነው፤ ከተጣለ ቴፕ ስፒከር፣ ከሞተር ብስክሌት ባትሪና ድምፅ ከምታጎላ አንዲት ቦርድ፣ በጣውላ ሳጥን ውስጥ። የሠራው ለሸህ እንድሪስ ነው። ሸሁ አርባ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ በዱዓው ስብስብ፣ ሐድራ ላይ መንዙማ መርተዋል፤ ዘንድሮ ድምፃቸው ከከበሮው፣ ከድቤው በታች ሆነ። ባለፉት ሁለት ሐሙሶች ድቤው ሲሞቅ ሳጥኑ ጭጭ አለ። የተሰበሰበው ጀማዓ የሸሁን ከንፈር ብቻ አየ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የሸሁ ልጅ ሰዓዲያ መጣች።

«ያ ሙህዲን፣ አባዬ ሌላ መሪ ፈልጉ እያሉ ነው። ሳጥንህ አንዴ ደግሞ ከጠፋባቸው አይመለሱም።»

«ወላሂ እዚህ ይሠራል! ስሚው።» ከፈተው። የተቀዳ መንዙማ እንደ ሹክሹክታ ወጣ።

«ይኼ ነው ሙከራህ? ድመት እንኳ አይቀሰቅስም።»

«የሱቁ ግድግዳ ከመስጊዱ ጋር አንድ ነው። ሰው ቁርአን እየቀራ እኔ ላስጩኸው?»

ሰዓዲያ ሳቀች። «ሁለት ሳምንት በአደብ ስትሞክረው ከረምክ!»

ሳጥኑን በባጃጅ ጭነው ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ማሽላ ማሳ አጠገብ አወረዱት። ሙህዲን ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈተ፤ ሰዓዲያ የሳጥኑን ማይክ አጠገቧ አድርጋ ባዶ ጀሪካን ደለቀች። በአራተኛው ምት ሳጥኑ ጠፋ።

«ድገሚው» አላትና፣ ስትደልቅ ባትሪውን ለካ፤ አሥራ ሁለት ነጥብ አራት። ቦርዷን ለካ፤ ሰባት።

«እዚህ አለ፤ እዚያ ደግሞ የለም። መሀል ላይ ማን ወሰደው?»

መሀል ላይ ያለው አንድ ክንድ ቀይ ሽቦ ብቻ ነው፤ ከስልክ ቻርጀር የተላጠ፣ ቀጭን። ሰዓዲያ ነካችው። «ኧረ ይፋጃል!»

ሙህዲንም ነካው። ሱቁ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ለብ ብሎ አያውቅም።

«ሲጮህ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠጣል፣ ይኼ ቀጭን ሽቦ አይበቃውም ማለት ነው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

ከሰዓት በኋላ ከአሮጌ ባጃጅ የተፈታ ወፍራም ሽቦ ገጠመለት። በጀሪካኑ አልጠፋም፤ ሙህዲን ግን ነገሩ ገና አልጠራለትም፣ በድቤውም ይጽና አይጽና አያውቅም። ሸህ እንድሪስ ለአንድ ሐሙስ ብቻ እሺ ብለዋል። ሳጥኑ ከነገ ወዲያ ከዙህር ሶላት በኋላ ወደ ሐድራው ይሄዳል፤ ቴስተሩም አብሮ ይሄዳል።