እናቴን አልፌ የሮጥኩበት እሁድ

ዛሬ ወደ እናቴ ቤት ስሄድ፣ መንገድ ዳር ማንዳዚ የሚሉት ቦምቦሊኖ መሳይ ሊጥ የሚጠበስበት ዘይት ሸተተኝና ካሳራኒ ሰፈር ያሳደገችኝ ሞግዚቴ ዋንጂሩ ትዝ አለችኝ።

እናቴ ያኔ ኢስትሊ የሚባል ሌላ ሰፈር ምግብ ቤት ነበራት። ሳልነቃ ትወጣለች፣ ከተኛሁ በኋላ ትገባለች። አንድ እሁድ ግን ምግብ ቤቱን ዘግታ ከእኔ ጋር ዋለች። አዲስ ቀሚስ አልብሳኝ፣ ግቢው ውስጥ ስጫወት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር።

ስሮጥ ጠጠሩ ላይ ወደቅሁና ጉልበቴ ደማ። እናቴ ብድግ ብላ እጆቿን ዘረጋችልኝ። እኔ ግን በአጠገቧ አልፌ፣ "ማማ! ማማ!" እያልኩ ወጥ ቤት ማንዳዚ ወደምትጠብሰው ዋንጂሩ ሮጥኩ።

ዋንጂሩ ደነገጠች። "ማማሽ እኮ እዚያ ናት" ብላ በስዋሂሊ እየለመነች ልታስለቅቀኝ ሞከረች። እኔ ሽርጧን ጨምድጄ ይዤ አልቅሼ እንቢ አልኩ።

እናቴ ተከትላኝ በሩ ላይ ቆማለች።

"ተያት ዋንጂሩ፣ ምን ታድርግ" አለች። ቀጥላ ለራሷ በአማርኛ፣ "ለማን ብዬ ነው እንግዲህ የምለፋው?" ስትል ሰማኋት። ቃላቱን ሰማሁ እንጂ ነገሩ አልገባኝም። በማግስቱ ስነቃ እንደ ወትሮው ወጥታለች።

አሁን ኪሌሌሽዋ፣ የሀብታሞች ሰፈር፣ ሰፊ ቤት አላት፤ የምትኖረው ግን ብቻዋን ነው። ዛሬም ምሳ አብልታኝ፣ እንደ እንግዳ አመስግኜ ተነሳሁ።

"ትንሽ አትቆዪም?" አለችኝ።

"ሥራ አለብኝ እማዬ።"

"ሥራማ አውቀዋለሁ" አለችና በሩን ከፈተችልኝ።